ጎንደር ሆናችሁ የፓርላማ ተወካያችሁን ሥራ እንዴት ትከታተላላችሁ

"የመረጥነው ሰውዬ የት ገባ?" የምትለዋን ጥያቄ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ጎንደሬ ሁሉ በዓመት አንዴ ሳያነሳት አይቀርም። ብዙ ጊዜ የምትነሳው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው በቀጥታ ሲተላለፍ ነው። ካሜራው ወንበሮቹን እየቃኘ ሲያልፍ አንዱ "ያ የእኛው አይደል እንዴ?" ይላል። ሌላው "ተኝቷል" ይላል። ይሳቃል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ፋሲል ከነማ ይዞራል።

ይህን የምጽፈው ሳቁ ካለፈ በኋላ "እሺ፣ ግን ሰውዬው ምን ይሠራል?" ብሎ ለሚጠይቅ ነው። የምንነጋገረው ስለ ተራ የምክር ቤት አባል ነው፤ ሚኒስትር አይደለም፣ ኮሚቴ አይመራም፣ ስሙም ዜና ላይ አይጠራም። ፓርላማው ውስጥ የሚበዙት እነሱ ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ተወካይን በቴሌቪዥን ንግግሩ መመዘን ከንቱ ድካም ነው። ዋናው ሥራ ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። እናንተም እዚያ ልትደርሱ የምትችሉት በጊዜው በተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ቅድሚያ፣ የማን ሥራ ነው?

ብዙ ሰው ተወካዩን የሚቀየመው የእሱ ባልሆነ ጉዳይ ነው። አንድ ሰፈር ሦስት ምክር ቤቶች አሉበት። የከተማው ምክር ቤት እዚሁ ጎንደር ነው፣ የክልሉ ባሕር ዳር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ አዲስ አበባ አራት ኪሎ። አራት ኪሎ ያለው ሰው ከንቲባውን ማዘዝ አይችልም። የቦታ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ የቆሻሻ ማንሳት ጉዳይ ይዛችሁ ብትሄዱ ቢበዛ "እስኪ አነጋግርላችኋለሁ" ነው የሚላችሁ። በሽምግልና መልክ ይረዳችሁ ይሆናል እንጂ ሥልጣኑ የለውም፤ እናንተም ስድስት ወር ላም አለኝ በሰማይ ስትሉ ትከርማላችሁ።

የእሱ የሚሆነው የፌዴራል መንግሥት እጅ ያለበት ነገር ነው። ይህ ደግሞ ጎንደር ላይ ትንሽ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጀቱ የፌዴራል ነው፣ ሆስፒታሉም የዩኒቨርሲቲው ነው። መብራትና ቴሌ የፌዴራል ናቸው። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ደባርቅ የሚወስዱት ዋና አስፋልቶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም ከተማው የሚያስተዳድረው አይደለም። የፋሲል ግቢ ከ1972 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ጥገናው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይመለከታል። ስለዚህ ስለ ግንቡ ጥገና የሚቆጭ ሰው ተወካዩን መጠየቅ መብቱ ነው። ከግንቡ አጠገብ ያለው መንገድ መብራት ስለሌለው የሚቆጭ ግን ከተማ አስተዳደር ይሂድ።

ውሃ ላይ ነገሩ ይደባለቃል። የቧንቧው መስመር፣ ፈረቃው፣ የቆጣሪው ጉዳይ የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። የመገጭ ግድብ ግን ለመስኖም ለመጠጥ ውሃም ታስቦ የተጀመረ፣ በፌዴራል በጀት የሚሠራ፣ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ፕሮጀክት ነው። ማለትም ጀሪካኑ አንድ ነው፣ ባዶ የሆነበት ምክንያት ግን ሁለት ቢሮ ሊኖረው ይችላል። "በሦስት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣልን" ካላችሁ ወደ ከተማው፣ "ግድቡ ዘንድሮ ምን ያህል በጀት ተያዘለት፣ ምን ያህሉስ ሥራ ላይ ዋለ?" ካላችሁ ወደ ተወካዩ።

በነገራችን ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባል ሌላ አለ። ሰው ሁለቱን እያምታታ ይወቅሳል። ክልሎች ከፌዴራል የሚያገኙትን ድጎማ ቀመር የሚወስነው እሱ ነው። "የክልላችን ድርሻ አነሰ" የሚል ክርክር ካላችሁ አድራሻው እዚያ ነው።

ተራው አባል በእጁ ምን አለ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ተጽፏል። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ምክር ቤቱ ግን ያለመከሰስ መብቱን ሊያነሳው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው።

በተግባር ደግሞ ፓርቲ አለ። በ2013ቱ ምርጫ ምርጫ ቦርድ መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ውጤት ገዢው ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 ሲያገኝ ተፎካካሪዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ምክር ቤቱ በጠቅላላው 547 ወንበር አለው። አስፈጻሚውን በሚመለከት ማንኛውም ጉዳይ ላይ ውይይት እንዲከፈት ለማድረግ የአባላቱ ሢሶ መጠየቅ አለበት፣ ይህ ማለት ከ180 ሰው በላይ ነው። ስለዚህ አንድ የተፎካካሪ ፓርቲ አባል ብቻውን ተነስቶ ክርክር ያስከፍታል ብላችሁ አትጠብቁ። የገዢው ፓርቲ አባልም ከፓርቲው መስመር ወጥቶ ድምፅ እንዲሰጥ መጠበቅ ብዙ አያዋጣም። "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" የምትለዋን ዜና ስንት ጊዜ ሰምታችኋል?

ታዲያ ምን ቀረው? ኮሚቴው።

የአንድ አዋጅ መንገድ እንዲህ ነው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። አባላት ፊት ቀርቦ መግለጫ ይሰጥበትና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አስረጂ ይጠራል፣ ባለድርሻ ያወያያል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይሄዳል (በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመም ሥራ ላይ ይውላል)፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው የመጨረሻዋን ቀን ነው። ያኔ ነገሩ አልቋል፤ ፌስቡክ ላይ "ይህን አንቀጽ እንቃወማለን" ብሎ መጻፍ የሄደ አውቶቡስ ላይ እጅ ማውለብለብ ነው። አንቀጹ የሚላላውም የሚጠብቀውም ኮሚቴ ውስጥ ሳለ ነው። እዚያ ደግሞ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ አንድ የተዘጋጀ አባል ይሰማል።

ሁለተኛው የኮሚቴ ሥራ ቁጥጥር ነው። እያንዳንዱ ቋሚ ኮሚቴ የሚከታተላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉት። ዕቅዳቸውን ያያል፣ የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር ሪፖርታቸውን ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ግብረ መልስ ይሰጣል። እውነት ለመናገር ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። "የዕቅዱን 87 ከመቶ አከናውነናል" ይባላል፣ "ጥሩ ጅምር ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥል" ይባላል፣ ይወጣል። ይህን የሚሰብረው አንድ ነገር ነው፣ አባሉ እጅ ላይ ከመሬት የመጣ ተጨባጭ መረጃ ሲኖር። ሪፖርቱ "ተጠናቋል" ያለውን ነገር "ይህ ባለፈው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ነው፣ ምሶሶው አለ፣ ሽቦው የለም" ብሎ የሚያሳይ አባል ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል። ያን ፎቶ ማን ይሰጠዋል? እናንተ።

የመስክ ምልከታም አለ። ኮሚቴው በመኪና ይመጣና ፕሮጀክት ይጎበኛል። አስጎብኚው ራሱ የሚጎበኘው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ መኪናው የሚቆመው የተጠናቀቀው ቦታ ላይ ነው፣ ማብራሪያውን የሚሰጠው ኃላፊው ነው፣ ምሳው ቀድሞ ታዟል። ኮሚቴ ጎንደር እንደሚመጣ ከሰማችሁ አስቀድማችሁ ለተወካያችሁ መልእክት ስደዱ፦ "ዋናውን መንገድ ስትጨርሱ 400 ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ፣ ድልድዩን እዩት" በሉት። አንድ መስመር ይበቃል። ተወካያችሁ የዚያ ኮሚቴ አባል ባይሆንም ለባልደረባው ያስተላልፋል።

ልዩ ቦታ የሚሰጠው አንድ ኮሚቴ አለ፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ። ዋና ኦዲተር ያገኛቸውን የሒሳብ ክፍተቶች ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠራሉ። ጊዜ ካላችሁ ከፓርላማ ስርጭት ሁሉ ይህን እዩ፤ ኃላፊ ሲያልበው የሚታየው እዚህ ነው።

ክትትሉ እንዴት ነው?

አንድ ደብተር ያዙ። ስልክ ላይም ይሆናል፣ ግን በ2015 መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የተወካያችሁ ሙሉ ስም፣ የምርጫ ክልሉ ትክክለኛ መጠሪያ፣ የየትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደሆነ። ሦስተኛውን የሚያውቅ ሰው ከመቶ አንድ አታገኙም፣ ዋናው ግን እሱ ነው። የግብርና ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ሰሊጥና ስለ ማዳበሪያ በቀጥታ ሚኒስትሩን ይጠይቃል። ስለ ሆስፒታል ከሆነ ግን ሌላ ሰው ማግባባት አለበት። የማን አቅም የት እንዳለ ሳታውቁ "ዝም አለ" ብላችሁ አትፍረዱ።

ከዚያ የምክር ቤቱን የፌስቡክ ገጽ ተከተሉ። ኮሚቴዎቹ በየሳምንቱ ምን እንዳዩ በአማርኛ ይወጣል። ጽሑፉ ደረቅ ነው፣ "አሳሰበ"፣ "ጠቆመ"፣ "አስገነዘበ" ይበዛበታል። የምትፈልጉት የተወካያችሁ ስምና የእናንተ አካባቢ ፕሮጀክት ስም ነው። ስታገኙ ቀኑንና ያለውን በአንድ መስመር ገልብጡ። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ገጽ ባዶ ከሆነ እሱም ራሱ መረጃ ነው።

ድምፅ አሰጣጥ ላይ ችግር አለ። ምክር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ እጅ በማውጣት ነው የሚወስነው፣ ዜናው ደግሞ "በሁለት ተቃውሞና በአምስት ድምፀ ተአቅቦ" ብሎ ያልፋል። ማን ምን እንዳለ በስም አይወጣም። ስለዚህ ያላችሁ መንገድ መጠየቅ ነው። ያውም በጨዋ ደንብ፦ "የተከበሩ፣ በዚህ አዋጅ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጡና ምክንያትዎን ቢነግሩን።" ቁጣ አያስፈልግም። ለምሳሌ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለመጽደቅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ ለአማራ ክልል የታወጀው ነሐሴ ላይ ምክር ቤት ቀርቦ ጸድቋል። ይህን የመሰለ ድምፅ ሰፈራችሁ ውስጥ ሰዓት እላፊ ሆኖ ይመጣል፣ ስለዚህ ለመረጣችሁ ሰው "ምን አልክ?" ማለት ነውር አይደለም። መልሱ ባያስደስታችሁም ደብተሩ ላይ ይግባ።

ወሩን እወቁ

ይህን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ አልቀየምም፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ አቤቱታ የሚሞተው በተሳሳተ ወር ስለሚደርስ ነው።

ምክር ቤቱ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ንግግር ያደርጋሉ፣ የመንግሥት የዓመቱ አቅጣጫ ይነገራል። በኋላም በንግግሩ ዙሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው ጥያቄ ይመልሳሉ። ያኔ ተወካያችሁ ዕድል ቢያገኝ እንኳ የአገር ጉዳይ ነው የሚያነሳው፣ ስለ እናንተ ሰፈር ትራንስፎርመር አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም ይሳቅበታል።

ከጥቅምት እስከ ጥር የኮሚቴ ሥራ ይጠነክራል። መደበኛ ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ስልክ ብትደውሉ አያነሳም፣ አትቀየሙት።

ከዚያ አንድ ወር እረፍት አለ፣ የተለመደው የካቲት ነው። አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው የሚወርዱበት ጊዜ ነው። ወርቁ ወር ይህ ነው። ለምን? የፌዴራል በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁት ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው ነው። የካቲት ላይ የሰጣችሁት ወረቀት ዕቅድ ሳይዘጋ ይደርሳል። ሰኔ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጀቱን ይዘው ሲቀርቡ ግን ቁጥሩ ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ ተጠርዞ ነው የሚመጣው። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። እዚያ ሰነድ ውስጥ በሰኔ አንዲት ድልድይ ላስገባ ማለት ዘበት ነው።

ሰኔ 30 ምክር ቤቱ ዓመቱን ይዘጋል። ክረምት ላይ ተወካዩ እንደገና ይመጣል፣ ሕዝብ ያወያያል። ይህ ወቅት አዲስ አቤቱታ ከመስጠት ይልቅ የየካቲቱን መልስ መጠየቂያ ቢሆን ይሻላል። "በጀቱ ጸድቋል፤ የእኛ ጉዳይ ገብቷል ወይስ አልገባም?"

ወረቀቱ

አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አለ። አጻጻፉን ግን ሕገ መንግሥቱ አያስተምርም። ብዙ የሰፈር ማመልከቻ ሲጀመር "ጥንታዊቷና ታሪካዊቷ የጎንደር ከተማ..." ብሎ ከአፄ ፋሲል ይነሳና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። ተወካዩም ጎንደሬ ነው፣ ታሪኩን ያውቀዋል። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጥያቄ። እንዲህ ያለ ነገር (ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የጻፍኳቸው)፦

"ለተከበሩ አቶ ... በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ... ምርጫ ክልል ተወካይ። ጉዳዩ፦ የትራንስፎርመር ዕቅድ እንዲጣራልን ስለመጠየቅ። እኛ በ... ክፍለ ከተማ የምንኖር የ... እድር አባላት ለ210 ቤተሰብ የሚያገለግለው አንድ ትራንስፎርመር ስለማይበቃ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መብራት ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። መስከረም 20 ለሚመለከተው ቢሮ አመልክተን በመዝገብ ቁጥር ... ተቀብሎናል። 'በዕቅድ ተይዟል' ተብለናል፣ የየትኛው ዓመት ዕቅድ እንደሆነ ግን አልተነገረንም። የምንጠይቅዎ ሰፈራችን በመጪው በጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ተቋሙን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን እንዲያሳውቁን ነው።"

አያችሁ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር? "ችግራችን ይፈታልን" አትልም። እንደዚያ ብትል መልሱ "እየተሠራ ነው" ይሆናል፣ እሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። "አለ ወይስ የለም?" ብላችሁ ስትጠይቁ ግን አንድ ሰው አለ ወይም የለም ብሎ መፈረም አለበት። ተወካዩም ሥራው ይቀልለታል፣ ወረቀታችሁን ሸኚ ደብዳቤ አድርጎበት ይልከዋል፤ ተቋሙም ከፓርላማ የመጣ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ለመተው ያመነታል።

ሌላው ነጥብ፣ መጀመሪያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክታችሁ መሆን አለበት። ሳታመለክቱ በቀጥታ ወደ ተወካዩ ከሄዳችሁ ተቋሙ "ለእኛ የደረሰ ነገር የለም" ይልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ለዚህ ነው የጠቀስነው። ከወረቀቱ ጋር የድሮውን ማመልከቻ ፎቶ ኮፒ፣ የስም ዝርዝርና ፊርማ፣ አንድ የሚነሳ ስልክ ቁጥር አያይዙ። አምስት ስልክ አትጻፉ፣ አምስት ሰው ተጠያቂ ከሆነ ማንም አያነሳም። ሁለት ቅጂ አውጡ፤ አንዱን ስትሰጡ እናንተ ጋ የሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀበላችሁ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርም።

አደራረሱ ላይ ደግሞ ጎንደር ትንሽ ከተማ ስለሆነች ሁሉም ሰው የተወካዩን አክስት ወይም የክርስትና ልጅ ያውቃል። "እኔ እሰጥልሃለሁ" የሚል አይጠፋም። በአክብሮት አመስግኑትና ራሳችሁ ስጡ። በዘመድ በኩል የሄደ ወረቀት ውለታ ይሆናል፤ ውለታ ደግሞ ደብተር ላይ አይመዘገብም፣ ሲጠፋም አይጠየቅም።

አዳራሹ

የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ቀበሌያችሁንና እድራችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ተሳታፊ ተመርጦ ነው የሚጠራው፣ ስማችሁ ከሌለ "የእድሩ ተወካይ ሆኜ ነው የመጣሁት" ማለት ይረዳል።

አዳራሽ ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መድረክ መሪው "ጊዜ ስለሌለን አጠር አጠር አድርጉት" ይላል። የመጀመሪያው ተናጋሪ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው የፊተኛው ያለውን እንደሚጋራ ተናግሮ ያንኑ እንደገና ይለዋል። ከዚያ ጥያቄዎቹ ሃያ ሆነው ይከመራሉ፣ ተወካዩም "ሁሉንም በጋራ ልመልስ" ይልና የሚመቸውን መርጦ ይመልሳል። የእሱ ተንኮል አድርጋችሁ አትዩት፣ እኛ ነን በሩን የከፈትንለት።

መፍትሔው ቀድሞ መስማማት ነው። እድሩ ወይም ማኅበሩ አንድ ተናጋሪ ይምረጥ። ተናጋሪው ወረቀቱን አንብቦ ይስጥ፣ "መልሱን እስከ መቼ እንጠብቅ?" ብሎ ይቀመጥ። ቀን ካልሰጠ ሌላው ተነስቶ ያችኑ ብቻ ይጠይቅ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ፊት የተነገረ ቀን ከማንኛውም ቃል ኪዳን ይበልጣል።

ደግሞ እባካችሁ ሴቶች ይናገሩ። ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ቦቴው የት እንደሚቆም፣ አንድ ጀሪካን በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ማይኩ የሚዞረው ከጋሼ ወደ ጋሼ ነው። አንዲት እናት ተነስታ ስለ ጀሪካን ዋጋ ሁለት ደቂቃ ስትናገር ተወካዩ እስክሪብቶ ያወጣል።

ካልሰማስ?

መጀመሪያ አስታውሱት፣ በጽሑፍ። አንድ ወር ጠብቃችሁ "በቀን እንዲህ የሰጠንዎት ጉዳይ..." ብላችሁ ላኩ። ብዙዎቹ ክፋት ሳይሆን ወረቀት ብዛት ነው የሚያስረሳቸው።

መረጃ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ተወካይ ሳትጠብቁ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ማመልከቻው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ነው የሚሰጠው። ከከለከሏችሁ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ አለ። እንባ ጠባቂ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ስለሆነ አስተዳደራዊ በደል ሲሆንም ወደ እሱ መሄድ ይቻላል። ለእንባ ጠባቂ ስታመለክቱ ግልባጩን ለተወካዩ አድርጉ፣ ቢያንስ ጉዳዩ ከእጁ እንዳልወጣ ያውቃል።

ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ሊያነሳው እንደሚችልም ይላል። ቃሉ አለ፣ ሕዝብ ሲጠቀምበት ግን አይታይም፤ እኔ በእሱ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። ይልቅ ያ ደብተር ይበልጥ ይሠራል። አምስት ዓመት ሲሞላ ተወዳዳሪዎች አዳራሽ ሲመጡ ከኪሳችሁ አውጡትና ለአሮጌውም ለአዲሱም አንድ ጥያቄ አንብቡ፦ "የካቲት ላይ የሰጠነው ይህ ወረቀት ነው፣ እርስዎ ቢሆኑ ለየትኛው ኮሚቴ ነበር የሚወስዱት?" ለሁለቱም እኩል ደቂቃ ስጧቸው፣ መልሳቸውንም እዚያው በቀኑ ጻፉት።